«ዞረብኝ» ያለውና ያላለችው

ሥራዬ የሰው ራስ መያዝ ነው።
በሞክፖ ወደብ፣ ከዓሣ ገበያው ማዶ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ሐኪሟ ዓይን ዓይናቸውን ስታይ፣
እኔ ራሳቸውን በሁለት መዳፌ
እንደ በሰለ ሐብሐብ ደግፌ
ወደ ጎን አዙሬ ወደ ኋላ አስተኛለሁ፤
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ አለሁ።

ጠጠሯን አይቻት አላውቅም።
ከአሸዋ ታንሳለች፤ በጆሮ ጓዳ ተጣብቃ ትኖራለች፤
አንድ ቀን ተላቃ ከቀጭኑ ቦይ ትገባለች፤
ያን ጊዜ ሰው አልጋው ላይ ጋደም እንዳለ
ባልተሳፈረበት መርከብ ይንገላታል።

ማክሰኞ ጧት ቀድሞ የገባው ጂሁክ ነው፣
ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ በሞተር ምግብ የሚያደርስ።
ቅዳሜ ወድቆ የራስ ቁሩ ተሰንጥቋል፤
ፌስታል በእጁ፣ ፊቱ አመድ መስሏል።
«ጣሪያው ዞረብኝ!» አለ ገና ከበሩ፣
«ከሌሊቱ ዘጠኝ ከሃያ። በቀኝ ጎኔ ስገለበጥ።
ሃያ ሰከንድ፤ ቆጥሬዋለሁ። አራት ጊዜ አስመለሰኝ።»
ወጣት ሕመሙን እንደ ደረሰኝ ይዞ ይመጣል፤
ሰዓቱ፣ ጎኑ፣ ልኩ ተጽፎበታል።

ገና ሳስተኛው ዓይኑ ይዘል ጀመር፣
እንደ ተጠመደ ዓሣ ወደ ጆሮው ሊሽከረከር።
ጮኸ፤ ክንዴን ጨመቀ፤ ጥፍሩ ታተመብኝ።
ሩብ ዙር አዞርኩት። ደግሞ ሩብ ዙር።
አፍንጫ ወደ ወለል። ተነሥ፣ ተቀመጥ።
ዓለም ቆመች፣ ቀጥ።
«በቃ? ይኸው ነው?» ብሎ ሳቀ፤ ስልኩን አወጣ፤
ሳይሰናበተን በደረጃው እየዘለለ ወጣ።

ማልሱን ግን ለዓይኗ ነበር የመጣች፣
መነጽር ልትቀይር፤ ምራቷ ናት እኛ ጋ ያስገባች።
ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ። የባሕር ዛጎል ሲፈለቅቅ የኖረ አውራ ጣቷ
እንደ ቢላዋው ጎብጧል።
«ዞረብኝ» አትልም።
«እግሬ ይከዳኛል» ትላለች፤ «ራሴ ጭጋግ ገብቶበታል፤
ወለሉ የጀልባ ወለል ሆኗል፤
ዕድሜ ነው፤ ይህን ያህል ዘመን የፈጨ ወፍጮ ሌላ ምን ይሆናል?»
ከመቼ ጀምሮ?
«የክረምቱ ጎመን ከተዘፈዘፈ ወዲህ።»
አሁን ቼሪው አብቦ ረግፏል።
በመሃል የደም ግፊት ኪኒኗ ተቀይሯል፤
አንጎሏ ፎቶ ተነሥቷል፤
መታጠቢያ ቤት ወድቃ የእጇ አንጓ ታስሮ ተፈቷል፤
ማንም ግን አጋድሞ አላያት።

ምራቷ ናት ምስጢሩን ያወጣች፦
ከላይኛው መደርደሪያ ሳህን ማውረድ ትታለች፤
ጎረቤት ሲጠራት ከነትከሻዋ ትዞራለች፤
ሌሊት ግድግዳ ተደግፋ፣ ቁጭ ብላ ታሸልባለች።
ዓለም እንዳትዞርባት
እሷ መዞር አቆመች።

አንገቷ አልታጠፍ አለ፤ ከትከሻዋ ሥር ትራስ አደረግን፤
ሁለት ሆነን፣ እንደ ሸክላ፣ ቀስ ብለን አወረድን።
ዓይኗ ዝም አለ። ቆጠርን። ዝም።
ልናነሣት ስንል ጥቂት ተርገበገበ፣
ከሩቅ እንደሚታይ የዓሣ አጥማጅ ፋኖስ።
ያችው ጠጠር። ያው ቦይ።
አልጮኸችም።
«ይኸን ነው እንዴ ዞረ የምትሉት?» አለች፤
«ይኸንንማ አውቀዋለሁ።»

በአንድ ቀን አልሆነላትም፤ ሐሙስ መጣች፣ ደግሞ በሳምንቱ።
ጠጠሯ ቤቷ ገብታም መንገዳገዱ አልተዋትም፤
ግድግዳ እየዳበሰች ነው የምትሄደው።
ሐኪሟ ስለ አጥንቷ ጠየቀች፣ ስለ ፀሐይ፤ ቪታሚን ጻፈች፤
«ለመኸር ትመለስ ይሆናል» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤
የአሮጌ ግድግዳ ኖራ አንዴ ብቻ አይረግፍም።

በሦስተኛው ቀን፣ ጀርባዋ አልጋው ላይ እንዳለ፣
ዓይኗ ረጋ። ወደ ላይ አየች።
ከስንት ወር በኋላ፣ ወደ ላይ።
«ጣሪያችሁ ያፈሳል» አለች።

ቀና አልኩ፦ ቢጫ እድፍ፣ ከአምፖሉ ጎን፣ የቆየ፣
ጂሁክ ሲዞርበት ያላየው፣
እኔም የሰው ግንባር ብቻ ሳይ የኖርኩ ያላየሁት።

ሐምሳ ሁለት ዓመቴ ነው።
በዚያ ሌሊት በቀኝ ጎኔ ልተኛ ስል
ቀስ ብዬ ዞርኩ።